«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»፦ የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጆች ጥፋት በማን ስም ይመዝገብ?

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት ያልሰማች እኅት በመካከላችን ያለች አይመስለንም። ልጅ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ይመጣል፤ እናቱ ዝም ትላለች። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ እያለ ይሄድና አንድ ቀን ተይዞ ሞት ይፈረድበታል። በመጨረሻው ሰዓት እናቱን አስጠርቶ የሚላት ይህንኑ ነው። ተረቱ ልጅን ለመምከር የሚነገር ይምሰል እንጂ ፍርዱ የወደቀው በእናት ላይ ነው።

በሰፈራችንም ነገሩ ከተረቱ ብዙ አይርቅም። አንድ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ገባ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ «እናቱ የት ነበረች?» ይባላል። አባቱ የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ልጁ ግማሽ ቀን ብቻ ተምሮ የቀረውን ቀን የት ይውል ነበር፣ የሰረቀውን ስልክ ሳይጠይቅ የገዛው ማን ነው፣ መጠጡን የቀዳለትስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

በሂሳብ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። ወጪ በተሳሳተ መደብ ከተመዘገበ ድምሩ ልክ ቢመጣም መዝገቡ እውነቱን አይናገርም፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲያዝም ገንዘቡ የማይገባበት ቦታ ይሄዳል። የልጆች ጥፋትም እንደዚያው ነው። ሁሉንም በእናት ስም ከመዘገብነው ትክክለኛው ምክንያት ሳይነካ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ያለፉትን ሰማንያ ዓመታት በሁለቱ ሰፈሮቻችን፣ በካዛንቺስና በቂርቆስ በኩል መለስ ብለን ማየት ነው። ልጅ ሲያጠፋ አገሩ ምን አደረገ? መንግሥት ምን አለ? ጎረቤትስ? ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ከሰፈራችን ከተነሣን ወዲህ ለዛሬ ልጆቻችን የሚያስፈልገው መልስም ከዚያው ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን።

ካዛ ኢንቺስ

የካዛንቺስ ስም ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠራ ተቋም ነበረው። «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ነው። ካዛ ኢንቺስ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ፋሺስቶቹ ከተማዋን በዘር ለይተው ሊከፋፍሏት አቅደው ስለነበር ቤቶቹ የታሰቡት ለራሳቸው ሹማምንትና ጸሐፊዎች ነበር። ሰፈሩ ገና ሲወለድ ማን እንደሚገባበትና ማን እንደማይገባበት መስመር ተሰምሮለት ነበር ማለት ነው።

ቂርቆስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለለገሃር ቅርብ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ለገሃር ሰውና ዕቃ የሚወርድበት በር ሆነ። ሥራ ፈልጎ የመጣ ጎልማሳ፣ ዘመድ ፍለጋ የመጣች ሴት፣ ሻንጣ ልሸከም የሚል ልጅ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማዋ ሲመለሱ የአምስቱ ዓመት ጦርነት ብዙ ልጆችን ያለ አባት ትቶ ነበር። ጫማ የሚጠርጉ፣ ጋዜጣ የሚያዞሩ፣ ዕቃ የሚሸከሙ ልጆች የከተማዋ መልክ ሆኑ። ሊስትሮ የሚለው ቃል እንኳ ከጣልያንኛ የቀረልን ነው። ልጆቹ ቀን ይሠራሉ፤ ሥራ ሲጠፋ ይራባሉ፤ ሲርባቸው አንዳንዶቹ ይሰርቃሉ።

የመንግሥት የመጀመሪያ መልስ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ ፈትና ተንከራታች ሰዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 89 ወጣ። አዋጁ ያነጣጠረው ሥራ በሌለው ሰው ላይ ነው፤ ሥራ ለምን ጠፋ የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ይህንን ልብ በሉልን፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዳግመኛ እናገኘዋለን።

ሕጉ ሲጻፍ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለልጆች ትልቅ ነገር ይዞ መጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። ሕጉ ዕድሜን በሦስት ከፈለው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የሚቀጣውን ቅጣት አይቀጣም፤ ለእሱ የተለዩ እርምጃዎች አሉ። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ቢጠየቅም ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ኑሮው ማስረጃ እንዲቀርብለት ሊጠይቅ፣ ወላጆቹንም ሊሰማ ይችላል። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ልጁን ከመፍረድ በፊት ልጁ የሚኖርበትን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁሉም ለስላሳ አልነበረም። ያው ሕግ ዳኛው ልጁ እንዲገረፍ የሚያዝበትን አንቀጽም ይዞ ነበር። ይህን የግርፋት ቅጣት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አልያዘውም። የዕድሜ ክፍፍሉን ግን እንዳለ ወርሶታል።

ችግሩ ከወረቀቱ ወደ መሬት ሲወርድ ነው። ጥፋተኛ ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው የሚታረሙበት ተቋም ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ለአንድ ሰፊ አገር አንድ ቤት! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ አዝዟል። ቦታ ሳይኖር ትእዛዝ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ልጇን ፍለጋ ጣቢያ ለጣቢያ የዞረች እናት ትንገራችሁ።

የማታ ሥራ

ሰፈራችን ያደገው በትልልቅ ሥራዎች ጥላ ሥር ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሒልተን ተከፈተ። ቤተ መንግሥቱም ቅርብ ነው። ባለሥልጣኑ፣ ዲፕሎማቱና እንግዳው በበዙ ቁጥር የሚያበስል፣ የሚያጥብ፣ የሚያስተናግድ ሰውም በዛ። ካዛንቺስ የቡና ቤትና የምግብ ቤት ሰፈር ሆነ። ከዋናው መንገድ ጀርባ ደግሞ ጠላ ቤቱ፣ አረቄ ቤቱ፣ እንጀራ ሻጩ ተደረደረ።

እዚህ ላይ ስለ እናቶች የማይነገረውን እንናገር። የዚህ ሰፈር ሴቶች ሥራ የማታ ሥራ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መጠጥ የምትቀዳ ሴት ልጇ የት እንዳለ የምታይበት ዓይን የላትም። ጠላዋን የምትሸጠው በምትኖርበት አንዲት ክፍል ከሆነ ደግሞ ደንበኛ ሲገባ ልጁ ይወጣል። ደጅ የሚያመሸው ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ቤቱ ማታ ማታ የሥራ ቦታ ስለሚሆን ነው። በደጅ የሚያገኘው ሰው ጥሩ ከሆነ ይተርፋል፤ ካልሆነ አይተርፍም። እናትየዋ ግን ያንን መጠጥ የምትሸጠው ለእሱ ደብተርና እራት ነበር። የዚህ ወጪ ትክክለኛ መደቡ የቱ ነው? «የእናት ቸልተኝነት» ነው ወይስ «ሌላ ሥራ ማጣት»?

በዚያ ዘመን ነገሩን ለመረዳትና ለመርዳት የተጀመሩ ሥራዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ ኑሮን የሚያጠና ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ። ወወክማም ለከተማው ወጣት ስፖርትና ንባብ የሚያገኝበት ደጅ ነበር። ሁለቱም ከአብዮቱ በኋላ አልቀጠሉም። ማኅበራዊ አገልግሎትን ለብቻው የሚያስተምር ክፍል በዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ የተከፈተው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ ዳኛው «የልጁን ሁኔታ አጥንታችሁ አቅርቡልኝ» ቢል የሚልከው ባለሙያ እንደ ልብ አላገኘም ማለት ነው።

ቀበሌ፣ ፈረቃና አፈሳ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም፣ ማለትም ቀበሌን አቋቋመ። የቤት ኪራይ ቀነሰ። ይህ ለድኻ ሴት ትልቅ እፎይታ ነበር። ብዙዎቻችን ተወልደን ያደግነው በእነዚያ የቀበሌ ቤቶች ነው። ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ልጅ ለልጅ ተጣልቶ ድንጋይ ቢወራወር፣ ዶሮ ቢጠፋ፣ የሰፈር ሰው እዚያው ያየዋል። የቀበሌ ኳስ ሜዳ፣ የኪነት ቡድን፣ መዝናኛ ክበብ ነበር። የሴቶች ማኅበር አኢሴማና የወጣቶች ማኅበር አኢወማም መጡ።

ይሁን እንጂ ያው ቀበሌ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣት መግደያ እጅ ሆነ። ወጣት መሆን ራሱ ወንጀል የሆነበት ጊዜ ነበር። እናቶች የገዛ ልጃቸውን አስከሬን እንዳያለቅሱ የተከለከሉበት ጊዜ ነው። ከዚያ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ልጅ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይወሰድ ጀመር። አፈሳ የሚለው ቃል በእያንዳንዱ ቤት ገባ። ልጅን ደጅ እንዳይወጣ ቆልፋ ያሳደገች እናት ሥጋቷ ዱርዬ ይሆንብኛል አልነበረም፤ ጭራሽ አይመለስም ነበር እንጂ።

ስለ ፈረቃም እንናገር። የተማሪው ቁጥር ሲበዛና ክፍሉ ሲያንስ ትምህርት በፈረቃ ሆነ። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። ብዙ ልጆች ፊደል እንዲቆጥሩ ያስቻለ መፍትሔ ስለሆነ አናማርረውም። ነገር ግን ልጁን የቀኑን ግማሽ ማን እንደሚይዘው ሳይታሰብ የተሰጠ መፍትሔ ነበር። እናት ሥራ ላይ ናት፤ አባት ወይ ጦር ሜዳ ነው ወይ የለም። ያንን ግማሽ ቀን የያዘችው ጎረቤት ነበረች።

ሦስት ስም በአንድ ዓመት

የ1977ቱ ረሃብና ረጅሙ ጦርነት ብዙ ሕፃናትን ወደ ጎዳና አወጣ። በ1980ዎቹ «የጎዳና ተዳዳሪ» የሚለው አጠራር ተለመደ። መልካም ሥራም ተሠርቷል። ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጋር ሆኖ በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲቋቋሙ አደረገ። ቀላል ጥፋት የሠሩ ልጆች ከመታሰር ይልቅ በሚኖሩበት አካባቢ ክትትል የሚያገኙበት አሠራርም ተጀመረ። ልደታ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለልጆች የሚመች ችሎት ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ ልጁን ከሰፈሩ ሳይነቅሉ ለማረም የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ከዚያ 1996 ዓ.ም. መጣ። ይህ ዓመት ለታሪካችን ቁልፍ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በጥር ወር ስለ አደገኛ ቦዘኔነት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። ጉልበት እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው፣ በአደባባይም በአዋጁ የተዘረዘሩትን ሲፈጽም የተገኘ ሰው «አደገኛ ቦዘኔ» ተብሎ ሊያዝ ይችላል፤ የተጠረጠረውም በዋስ እንዳይለቀቅ ተከለከለ። ሁለት ወር ቆይቶ በመጋቢት የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ጸደቀ። በዚህኛው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ወጣት ተሳታፊና ተጠቃሚ ሊሆን የሚገባው የአገር ኃይል ነው። በዚያው ዓመት አዲሱ የወንጀል ሕግም ወጣ፤ ዕድሜው ያልደረሰውን ልጅ ከቅጣት ይልቅ ትምህርትና እርማት የሚገባው አድርጎ ያየዋል።

እንግዲህ በቂርቆስ አንድ የድልድይ ጠርዝ ላይ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ የ17 ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ስም ተሰጠው። ባንዱ ወረቀት አደገኛ፣ በሁለተኛው የልማት ኃይል፣ በሦስተኛው መታረም የሚችል ልጅ ሆነ። በመንገድ ላይ የትኛው ስም እንደሚጠራው የሚወስነው የሚያገኘው ፖሊስና የዕለቱ ሁኔታ ነበር። የ1997 ምርጫ ተከትሎ ብጥብጥ ሲነሣ ግን የትኛው ስም እንደበረታ አየን። በሺዎች የሚቆጠሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ታፍሰው እንደ ደዴሳ ወዳሉ ሩቅ ቦታዎች ተወሰዱ። እናቶች ስንቅ ይዘው የት እንደሚሄዱ እንኳ አያውቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቃቅንና አነስተኛ፣ ኮብልስቶን፣ ብድርና ሥልጠና መጣ። ከልጆቻችን የተጠቀሙ አሉ፤ ድንጋይ ጠርበው እናት የጦሩ፣ ትዳር የያዙ አሉ። ሥራ ሲገኝ «ቦዘኔ» የተባለው ልጅ ሠራተኛ ሆኖ መገኘቱ በራሱ ምስክር ነው። የጎደለው ጠባይ ቢሆን ኖሮ በጠባቂ እንጂ በደመወዝ ባልተስተካከለ ነበር።

ከቺካጎ የመጣ ምስክር

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌላ አገር ለአፍታ እንመልከት። ለልጆች ብቻ የሚያገለግል የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1899 ተከፈተ። በዚያችው ከተማ ክሊፈርድ ሾው እና ሄንሪ ማኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የልጆችን የፍርድ ቤት መዝገብ ለብዙ ዓመታት ሰብስበው በካርታ ላይ አስቀመጡት። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1942 አሳተሙ። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው አስገረመ። ጥፋት የሚበዛው በተወሰኑ ሰፈሮች ነው፤ በነዚያ ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ ግን በየጊዜው ተለውጧል። የአንድ አገር ስደተኞች ወጥተው የሌላ አገር ስደተኞች ገብተዋል፤ የልጆች ጥፋት ግን እዚያው ነው። ወጥተው የተሻለ ሰፈር የገቡት ሰዎች ልጆች ጥፋታቸው ቀነሰ። ስለዚህ ነገሩ የዘር ወይም የእናት ወተት ጉዳይ አይደለም። ድህነት፣ የሰው ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አለመተዋወቅ ነው።

የመጨረሻውን እንያዘው። ጎረቤት ከጎረቤት አለመተዋወቅ።

ያልተመዘገበው ሥራ

ካዛንቺስና ቂርቆስ ድኻ ሰፈሮች ነበሩ፤ ግን ሰው ይተዋወቅ ነበር። እድር ነበረ፣ እቁብ ነበረ፣ የቡና ጥሪ ነበረ። ቡና ላይ የሚወራው ወሬ ብቻ አልነበረም። የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ፣ የማን ልጅ አዲስ ጓደኛ እንዳበጀ፣ የማን ልጅ ያልገዛችለትን ጫማ አድርጎ እንደታየ እዚያ ይታወቅ ነበር። በመንገድ ያገኘችው እትዬ ጆሮውን ይዛ ትመልሰዋለች፤ ማታ ለእናቱ ትነግራለች። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለም፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ አልገባም። መንግሥት ለማረሚያ የሚያወጣው ወጪ ይመዘገባል፤ ጎረቤት ያስቀረችው እስር ግን የትም አይጻፍም።

ይህን ስንል ድሮን እያሞገስን አይደለም። የጎረቤት ቁጥጥር ዱላም ነበረው፤ ከልክ ያለፈ ዱላ ልጅን ከቤት ያስኮበልላል። ከሁሉ በላይ ሴት ልጆቻችንን በደንብ አላየም። ወንድ ልጅ ሲጠፋ «ዱርዬ ሆነ» ተብሎ ቢያንስ ይወራበታል። ሴት ልጅ ችግር ሲገጥማት ግን በዝምታ ዘመድ ጋ ትላካለች፣ ሰው ቤት ትገባለች፣ ወይም ከቡና ቤቱ በአንዱ ትቀራለች። የእሷ ጉዳይ ወንጀል ተብሎ ስለማይመዘገብ ፍርድ ቤትም አያየው፣ ጥናትም አይቆጥረው። ስለ ልጆች ጥፋት ስንነጋገር ልጃገረዶቹን ካላነሣን ግማሹን መዝገብ ቀድደን ጥለናል ማለት ነው።

ከካዛንቺስ እስከ ገላን ጉራ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ሄደ። የማኅበራችን አባላትም ዛሬ በሁለት ወገን ነን፤ ቂርቆስ የቀረን እና ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ የሄድን። እውነቱን እንናገር፤ የቀበሌ ቤቱ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ለብዙ አባወራ አንድ ነበር። አዲስ ቤት፣ የራስ በር፣ ንጹሕ ግድግዳ ያገኙ እኅቶች ደስታቸው ልክ ነው።

ነገር ግን ከቺካጎው ጥናት የተማርነው አለ። በአንድ ጀንበር የተበተነው ያ ያልተመዘገበው ሥራ ነው። በአዲሱ ሰፈር የላይኛው ቤት ሰው የታችኛውን ልጅ ስም አያውቅም። ሥራዋ ካዛንቺስና ቦሌ አካባቢ የቀረባት እናት ሳይነጋ ወጥታ ጨለማ ለብሳ ትመለሳለች። ልጁ ትምህርት ቤት ቀይሯል፤ ጓደኛ የለውም፤ መጀመሪያ የሚቀርበው ሥራ ፈትቶ ከሕንፃው ሥር የሚቀመጠው ነው። የስፖርት ውርርዱ አሁን በስልክ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ጫቱና ሺሻውም ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከመካከላችን ግሮሰሪ ያለን፣ መጠጥ በመሸጥ የምንተዳደር አለን። ሕጉ ለፖሊስ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ብርጭቆውን ለምናቀርበው ለእኛም ነው።

ባዶው ወንበር

ታሪኩን እስከዚህ ካየን የምንለው አንድ ነው። በእነዚህ ሰማንያ ዓመታት መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ የልጁም ስም ተለዋውጧል፤ ተንከራታች፣ ዱርዬ፣ ፀረ አብዮት፣ ቦዘኔ። ማፈስ ግን በየዘመኑ ተሞክሯል፤ የታፈሰውም ልጅ ሲመለስ ያገኘው ያንኑ ሰፈርና ያንኑ ሥራ ማጣት ነው። የሠራው ነገር ልጁን የሚያውቅ፣ ለእሱ ኃላፊ ነኝ የሚል አንድ ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው።

ይህንን ሕጉም ያውቀዋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ልጅ ሲከሰስ ጉዳዩ በቀጠሮ የሚቆይ ከሆነ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጥ፤ እነሱ ከሌሉ ደግሞ በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ ኃላፊነት ለሚወስድ ለታመነ ሰው ይሰጥ ይላል። የወንጀል ሕጉም ልጁ በጥበቃ ሥር እየተማረ እንዲታረም ሲወሰን ዘመድ ከሌለው ወይም ዘመዱ ካልቻለ ለታመነ ሰው፣ ወይም ልጆችን ለሚያስተምርና ለሚጠብቅ ድርጅት በአደራ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ከስልሳ ዓመት በፊት ለጎረቤት አንድ ወንበር ለይቶ አስቀምጦ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ የሚሆነው ጎረቤት መብቱንና ድርሻውን ስለማያውቅ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቂርቆስ ሁለት፣ በገላን ጉራ ሁለት እኅቶች ይመረጡ። የአባል ልጅ ሲያዝ እናትየዋ ብቻዋን ጣቢያ እንዳትሄድ አብረዋት ይሂዱ። የልጁን የልደት ማስረጃና የትምህርት ቤት መታወቂያ ቀድመው ያዘጋጁ፤ ዕድሜው በማስረጃ ካልታወቀ ሕጉ ለልጆች የሰጠው ጥበቃ በቀላሉ ይቀርበታልና። የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ካለ እዚያ እንዲታይ ይጠይቁ። ዳኛው የታመነ ሰው ሲፈልግ ስማቸውን ለማስመዝገብ ዝግጁ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ የማኅበራችን የችግር ጊዜ መጠባበቂያ እስከ ዛሬ ለሞትና ለሕመም ነው የዋለው። ልጅ ሲያዝ ለትራንስፖርት፣ ለስንቅና ለሰነድ የሚያስፈልግ ወጪም በራሱ መደብ እንዲከፈትለት ይወሰን። መጠኑን ጉባኤው ይወስን፤ መደቡ ግን ይኑር። መደብ የሌለው ወጪ ሁልጊዜ ከእናትየዋ ኪስ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ በገላን ጉራ ያለን አባላት በወር አንድ ጊዜ በየተራ ቡና እናፍላ፤ የማኅበሩ አባል ያልሆኑትን የሕንፃውን ጎረቤቶችም እንጥራ። ቁም ነገሩ የልጆቹን ስም መተዋወቅ ነው፤ የወንዶቹንም የሴቶቹንም። ቁጡ ዓይን ለመትከል አይደለም፤ ልጁ ሲወጣና ሲገባ በስሙ የሚጠራው ሰው እንዲኖር ነው።

እነዚህ ሥራ አይፈጥሩም፣ የትምህርት ቤቱን ጥራት አያሻሽሉም። ያንን ከመንግሥት መጠየቃችንን አንተውም፤ ግብር እንከፍላለንና። ግን ልጁ በእንቁላሉ ጊዜ የሚያየው ሰው ከእናቱ ሌላ ሦስት አራት ሰው ከሆነ በሬው ድረስ የሚደርስበት መንገድ ይረዝማል። እናትም ለብቻዋ አትከሰስም።

ሐሳቡን የምትደግፉም የምትቃወሙም እኅቶች በወሩ ስብሰባ ላይ አንሡት፤ ስማችሁን ለጸሐፊዋ የምታስመዘግቡ ካላችሁም ከጉባኤው በፊት አድርጉት። ቸር ያገናኘን።